ከቅዳሴ በኋላ የተነገረው አክሲዮን

ናይሮቢ፣ ኢምባካሲ፣ ከኤርፖርቱ ጀርባ፣ ለጤፍና ለቅመማ ቅመም የሚሆን መጋዘን አገኘሁ። ከአዲስ አበባ እህል እያስመጣሁ ለናይሮቢ ምግብ ቤቶች ሳከፋፍል ዕድሜዬን የሰው መጋዘን እየለመንኩ ኖሬያለሁ። ባንኩ አርጅተሻል ብሎ አላበድርም አለኝ። ስለዚህ የድርጅቴን አክሲዮን ለጽዋ ማኅበሬ አባላት ለመሸጥ ወሰንኩ።

ጠበቃዬ እዚሁ ተወልዳ ያደገች የጎረቤቴ ልጅ ናት፤ ቢሮዋ ዌስትላንድስ ነው። «እትዬ፣ ይሄ ፕራይቬት ነው፣ ሬጂስተር አላደረግነውም» አለችኝ። «ለሚያውቋቸው ጥቂት ሰዎች ብቻ፣ አንድ በአንድ። ፖስተር የለም፣ በስልክ ግሩፕ መላክ የለም። ለሕዝብ ካቀረቡት የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪው ያስቆመናል።»

አሥራ አንድ ሰው ፈረመ። ትልቁን ድርሻ የገዙት የማኅበራችን ሰብሳቢ፣ ሙሴው፣ ነበሩ። መጋዘኑን በሙሉ ለመከራየት የቀረኝ ትንሽ ነበር።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ማስታወቂያ በሚነገርበት ሰዓት፣ ሙሴው ድምፅ ማጉያውን ተቀበሉ። የታመመም የሞተም የሚነገረው እዚያ ስለሆነ ነገሩ ምንም አልመሰላቸውም። «እኅታችን አክሲዮን እየሸጡ ነው። ሳያልቅ ድረሱ» አሉ። ሴቶቹ እልል አሉ።

ደጅ ላይ ያዝኳቸው። «ምነው እርስዎ?»

«ምን አጠፋሁ? ሬዲዮ ቢሆን ያስከፍልሽ ነበር» ብለው ሳቁ።

እስከ ማታ የማላውቃቸው ሰዎች ሲደውሉ ዋሉ። ለጠበቃዋ ነገርኳት። «ለአንድም አዲስ ሰው እንዳይሸጡ» አለች። «በተነገረበት ቦታ ደግሞ ራስዎ ያስተባብሉ።»

እንዲህ ካደረግሁ መጋዘኑ በሙሉ እንደማይሆንልኝ አወቅሁ። በሳምንቱ ግን ተነሥቼ፣ «የምሸጠው አክሲዮን የለም፤ ባለፈው የተነገረው በስህተት ነው» ብዬ ተቀመጥኩ። እልልታ አልነበረም።

ሙሴው፣ «በሰው ፊት ውሸታም አደረግሽኝ» ብለው ድርሻቸው እንዲመለስላቸው ጠየቁ። መለስኩላቸው። የመጋዘኑን ግማሽ ብቻ ተከራየሁ። ሌላውን አበባ ወደ ውጭ የሚልክ ሰው ወሰደው፤ አከራዩም መሐሉ ላይ የቆርቆሮ ግድግዳ አቆመ።

በወሩ የጽዋው ተራ የእኔ ነበር። ሙሴው ይቀራሉ ብዬ ነበር፤ ከሁሉም ቀድመው መጡና በቦታቸው ተቀመጡ። ሲበሉ ቆይተው፣ «ወጡ ጨው አንሶታል» አሉ።

ጨው አቀበልኳቸው።