ንጉሡ ሠ የሚኖርባት ኮምፒውተር

ባለፈው ሰኔ ሠላሳ ቀን፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ የመሥሪያ ቤታችን ንብረት ክፍል አንዲት ኮምፒውተር «አገልግሎት የማይሰጥ» በሚለው ዓምድ መዝግቦ ከቢሮዬ ወሰዳት። ሊወስዷት ሲመጡ በርታ እየሠራች ነበር። ያጠፏት እነርሱ ናቸው።

ደብረ ማርቆስ ሥራ የጀመርኩ ዕለት ሁለተኛ ዲግሪዬን ይዤ ብቀርብ፣ የያኔው አለቃዬ የሰጡኝ የመጀመሪያ መሣሪያ ጨርቅ ነበር። «ይቺ ኮምፒውተር አልነሣ ብላለች፤ እስቲ አቧራዋን ጥረጊልን» አሉኝ። ተናደድኩ፤ ጠረግሁም። ኮምፒውተሯ ተነሣች። ስድቡ በሙያ ረገድ ትክክል ነበር።

ከዚያ ወዲህ አልተለያየንም። ራም የሚሉትን የማስታወሻ ካርዷን ነቅዬ የመገናኛ ጥርሶቹን በላጲስ እፈትጋለሁ። ማቀዝቀዣዋ ሲያጓራ አንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ይበቃዋል። ካፓሲተር የሚባሉትን ያበጡ የኤሌክትሪክ ማጠራቀሚያዎቿን በካውያ አንሥቼ፣ ከሞቱ ሁለት እኅቶቿ ያወጣሁትን እተካለሁ። የቀረውን የማገኘው አማኑኤል ከተማ፣ ከሐጅ ሰዒድ የሬዲዮ መጠገኛ ሱቅ ነው።

«ሙሽራችን ዛሬ ደግሞ ምን አማራት?» ይሉኛል።

«ባትሪ።»

«አምናም ባትሪ ብለሽ ነበር።»

«አምና የሸጡልኝ ሞቶ ነው፣ ሐጅ።»

እየሳቁ ሌላ ይሰጡኛል። እርሱም ይሞታል።

ይህን ሁሉ የማደርገው ለናፍቆት አይደለም። ኮምፒውተሯ ውስጥ ሦስት መቶ ቅኔ አለ። ደብረ ኤልያስ ያሉት የቅኔ መምህር፣ የኔታ፣ የራሳቸውንም ከመምህሮቻቸው የተቀበሉትንም በቃል እያሉልኝ በድሮው የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም የጻፍኩት ነው። ፋይሉ በአዲስ ኮምፒውተር ሲከፈት የላቲን ፊደል ዝባዝንኬ ይሆናል። ፕሮግራሙ ደግሞ የሚነሣው አውራ ጣት የምታህል የኤሌክትሮኒክስ ቁልፍ ከኮምፒውተሯ ጀርባ ስትሰካ ብቻ ነው። ሌላ ቁልፍ የለም።

አምና የድሮ ፋይል ወደ አዲሱ ፊደል የሚቀይር ፕሮግራም ተገዛልን። ቀየርኩ፤ አትሜም ለየኔታ ወሰድኩላቸው። ገና ከመጀመሪያው ገጽ ቀና ብለው አዩኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ፀሐይ ምን ሰረቀ?»

የጻፍኩት «ሠረቀ ፀሐይ» ነበር፤ በግእዝ ፀሐይ ወጣ ማለት ነው። ቀያሪው ንጉሡን ሠ ሁሉ በእሳቱ ሰ ተክቶ «ሰረቀ ፀሐይ» አድርጎታል። ፀሐይ ሌባ ሆኖ ወጣ።

«አንድ ፊደል ነው የሰረቀ፣ የኔታ» አልኳቸው።

ጋቢያቸው ከትከሻቸው እስኪወርድ ሳቁ። ከዚያ እርሳቸው ቢሮዬ እየመጡ፣ የድሮዋን ስክሪን እያየን ቃል በቃል ማመሳከር ጀመርን።

«በቃልዎ አያርሙትም?» ብዬ ጠይቄአቸው ነበር።

«የራሴን አርማለሁ። የመምህሮቼን ግን እንጃ፤ ሸምግያለሁ። ከእኔ ይልቅ እሷን እመኚ።»

ሁለት መቶ ዐሥሩን ጨርሰን ዘጠና ሲቀረን ሰኔ ሠላሳ ደረሰ። የንብረት ክፍሉ ኃላፊ አቶ ሥዩም ቅጽ ይዞ ገባ።

«እትዬ፣ ይቺ እኮ የእኔ ታላቅ ናት!»

«መስፈርቱ ዕድሜ ከሆነ ለእኔም አንድ ቅጽ ሙላልኝ።»

«ኧረ እርስዎን ማን ደፍሮ! አዲሱ ይጽፍ የለም እንዴ?»

«ቀያሪው ሠን አያውቅም። ሠን ሁሉ ሰ አድርጎታል።»

«ሰ ያው ሰ ነው፣ እትዬ» አለና ፈረመ። ከፊርማው ሥር ስሙን በንጉሡ ሠ ጻፈ። ቅጂው እጄ ላይ ይገኛል።

«ኮምፒውተሯን ሰረቁን» ብዬ ስነግራቸው የኔታ ጠየቁኝ።

«በየትኛው ሰ?»

«በእሳቱ» አልኩ።

የሙያ ባልደረቦቼ ከዚህ የምትወስዱት አንድ ነገር ነው፤ አሮጌ መሣሪያ የሚወገደው አዲሱ ሥራውን መሥራቱ ፊደል በፊደል ሲረጋገጥ ነው። እኔም አጥፍቻለሁ። አቶ ሥዩም ቅጹን ሲፈርም ቁልፏን ነቅዬ መሳቢያ ውስጥ መቆለፍ ነበረብኝ፤ አልነቀልኳትም።

የቀረው ዘጠና ቅኔ ያለ ቁልፏ አይከፈትምና ከአቶ ሥዩም አንድ መልስ በጽሑፍ እጠይቃለሁ፤ ኮምፒውተሯ መጋዘን ስትገባ ቁልፏ ከጀርባዋ ተሰክታ ነበር ወይስ አልነበረችም? «ነበረች» ወይም «አልነበረችም» ይበቃል።