ሦስት ዓይነት ቢጫ

አርዲስ በሰሜን አሜሪካ፣ ከትልቅ ሐይቅ ዳር ባለችው ደመናማ የዱሉት ከተማ፣ ከአንድ የግንባታ ዕቃ መደብር ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ቀለም ስትበጠብጥ ኖራለች። ለገዢ ሁሉ የምትለው አንድ ነው፦ «መጀመሪያ ግድግዳው ላይ ሞክሩት፤ ጠዋትም ማታም እዩት። ፀሐይ ያላየው ቀለም ያስጸጽታል።» ሰው ይሰማታል። ሦስት አራት ትንንሽ ጣሳ የሙከራ ቀለም ገዝቶ ይሄዳል። ባለመደብሩም የሚወዳት ለዚሁ ነበር።

በኅዳር ባሏ ቨርን ሳንባው አልቆ ከሆስፒታል ወደ ቤት ተመለሰ። ሐኪሙ አልደበቃቸውም፤ የቀረው የሳምንታት ዕድሜ ነው። የተኛበት ክፍል ግድግዳ ደግሞ የዕቃ እጣቢ የመሰለ ግራጫ ነበር።

«ቢጫ ቀቢልኝ» አላት። «ለግራጫ ሐይቁ ይበቃኛል። ይህን ግድግዳ እያየሁ አልሞትም።»

በማግስቱ ቅቤ፣ ስንዴ፣ ማር የሚባሉ ሦስት ቢጫዎች ይዛ መጣች። ከአልጋው ፊት ለፊት የመዳፍ ስፋት ስፋት ቀባቻቸውና ከሥራቸው ስማቸውን በእርሳስ ጻፈች።

«የቱ ይሻላል?»

«ሁሉም አንድ ነው፣ አንቺ ሴትዮ።»

«አንድ አይደለም። ስንዴው አረንጓዴ አረንጓዴ ይላል። ፀሐይ ትውጣና እናያለን።»

በኅዳር፣ ዱሉት ላይ፣ ፀሐይ! ደመናው ከሐይቁ ተነሥቶ ጣሪያው ላይ ተኛ። አንድ ሳምንት አለፈ፤ ሁለተኛውም።

«አርዲ፣ ለሠርግ ነው እንዴ የምትመርጪው? ያገኘሽውን ለቅልቂው።»

«በኋላ ባትወደውስ?»

«በኋላ?» ብሎ ሳቀ። ሳቁ ሳል ሆኖ ትንፋሽ አሳጣው።

አንድ ክፍል መቀባት የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ይህን ከእሷ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ግን ክፍሉ ከተቀባ በኋላ የሚጠበቅ ነገር ሞት ብቻ ነው። ይህንንም ታውቃለች። ስለዚህ ፍርሃቷን ጥንቃቄ ብላ ጠራችው፤ እሱ ግን ግራጫውን እያየ ከረመ።

ወደ ቤት በተመለሰ በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ሞተ።

ከሆስፒታል በውሰት የመጣለትን አልጋ ሊወስዱ ሰዎች የመጡ ዕለት ፀሐይ ወጣች። አርዲስ ግድግዳው ፊት ቆመች። የእርሳሱን ጽሑፍ በእጇ ብትሸፍነው ቅቤውን ከማሩ መለየት አቃታት።

ወደ ሥራ በተመለሰች በሳምንቱ አንዲት እርጉዝ ሴት ሁለት የቢጫ ቀለም ናሙና ካርዶች ዘረጋችላት። «እትዬ፣ ለልጄ ክፍል ነው። ወስጄ ልሞክራቸው?»

«ምንም አትሞክሪ» አለች አርዲስ የቀለም መበጥበጫ ባልዲ እያነሣች። «የፊተኛውን ውሰጂ። ዛሬውኑ ቀቢው።»

ሴትየዋ ቅር ብሏት ካርዶቿን ሰብስባ ምንም ሳትገዛ ወጣች።