ኖኤሊያ ቢሮውን ትታ ፖከር የያዘች ጊዜ

ኖኤሊያ ባርቢዬሪ ሮሳሪዮ ከተማ ውስጥ ባለ አንድ የመድን ድርጅት ትሠራ ነበር። ሥራዋ የትኛው ደንበኛ እንደሚያከስር፣ የትኛው ደግሞ እንደሚዋሽ ቀድሞ ማወቅ ነው። ክረምቱን ሙሉ ለፍታ አንድ ትልቅ ጥናት ጨረሰች። የስብሰባው ዕለት ግን አለቃዋ ፋኩንዶ ጥናቱን የራሱ አስመስሎ ለዳይሬክተሮቹ አቀረበ። ጭራሽ በመሃል ዞር ብሎ፣ «ኖኤ፣ እስቲ ለእንግዶቹ ቡና አስመጪልን» አላት።

ደሟ ፈላ። ቡናውን አላዘዘችም። ስብሰባው ሲበተን በር ላይ ጠብቃ ያዘችው።

«ጥናቱ የማን ነው?»

«የሁላችንም ነዋ። እዚህ እኮ ቤተሰብ ነን።»

«ቤተሰብ ከሆንን ስሜ የት ገባ?»

«አሁን ይሄ ያስቆጣል? እናንተ ሴቶች ደግሞ...»

ሳይጨርስ ጥላው ሄደች። በማግስቱ መልቀቂያዋን አስገባች።

ከዚያ በፊትም ቅዳሜ ቅዳሜ ካዚኖ፣ ቁማር ቤት ሄዳ ፖከር የሚባለውን የካርታ ቁማር ትጫወት፣ ብዙ ጊዜም ታሸንፍ ነበር። አሁን መተዳደሪያዋ አደረገችው። ወንድሟ ዳርዮ ይህን ሲሰማ፣ የእሁዱን ሥጋ እየጠበሰ ቢላውን እንደያዘ አፈጠጠባት።

«ቁማርተኛ ልትሆኚ? እማዬ ይሄን ሳታይ መሞቷ በጀ።»

«እማዬ የሰው ልብስ ስትተኩስ ኖራ ሞተች። እሱስ በጀ?»

ዳርዮ ሥጋውን ገለበጠ።

መጀመሪያ ላይ የገዛ ንዴቷ ጎዳት። አብሯት የሚጫወት አንድ የከብት ነጋዴ ነበር፤ ካርታዋን ጥላ ከጨዋታው በወጣች ቁጥር፣ «ጎሽ የኔ ቆንጆ፣ መፍራት ጥሩ ነው» ይላታል። አንድ ቀን ትልቅ ካርታ እንደያዘ ከአኳኋኑ ገብቷታል፤ ሆኖም «ፈራች» እንዳይላት ብላ ያላትን ገንዘብ ሁሉ ወደ ጠረጴዛው መሃል ገፋች። ተበላች። ነጋዴው እየሳቀ ጉንጯን ሊቆነጥጥ ሲል እጁን መታችው። የካዚኖው ጥበቃ መጥቶ «ተረጋጊ» ያለው ግን እሷን ነው።

መኪናዋ ውስጥ ገብታ አለቀሰች። ያናደዳት ነጋዴው ብቻ አልነበረም፤ እያወቀች መበላቷ ነው። ከዚያ ወዲህ ንዴቱን ባትተወውም ካርታዋን እንዲጫወትላት አልፈቀደችለትም። ወንዶቹ ሲቀልዱባት ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ፣ መቼ የምር ጥሩ ካርታ እንደያዙና መቼ እንደሚያስመስሉ ታጠና ጀመር።

ከዓመታት በኋላ ማር ዴል ፕላታ በምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ በተደረገ የፖከር ውድድር አንደኛ ወጣች። ሊያነጋግራቸው የመጣው ጋዜጠኛ በመጀመሪያ ማይክሮፎኑን የዘረጋው ሁለተኛ ለወጣው ሰውዬ ነበር።

«የመጨረሻውን ጨዋታ እንዴት አሰቡት፣ ጌታዬ?»

ቀጥሎ ወደ እሷ ዞረ።

«አንቺስ፣ ባልሽ ምን ይላል? ልጆቹን ማን ይጠብቃል?»

«ለእሳቸው ያቀረቡትን ጥያቄ ለእኔም ያቅርቡ» አለችው።

«ይቅርታ፣ እንዲያው ለጨዋታ ያህል...»

«እየጠበቅሁ ነው።»

ጋዜጠኛው ፊቱ ቀልቶ ጠየቃት። የመጨረሻውን ጨዋታ ከመጀመሪያው ካርታ አንስታ አስረዳችው፤ ሰውዬው የት እንደዋሸ፣ ውሸቱንም በምን እንደለየችው። ማይክሮፎኑን ሊመልስ ሲል እጁን ያዘችው።

«አልጨረስኩም።»

ንዴቱ አሁንም አልለቀቃትም፤ ማይክሮፎኑን ወደ ራሷ ስባ ማስረዳቷን ቀጠለች።