ጣት ላይ የቀረ ብር

ኦክላንድ ባቡር ውስጥ ሱልጣና መጀመሪያ ያየችው አጠገቧ የተቀመጠችውን ሀበሻ ልጅ የጠቆሩ የጣት ጫፎች ነው።

"እንሶስላሽ ያምራል! ሙሽራ ነሽ እንዴ?"

ልጅቷ ሳቀች። "እንሶስላ አይደለም እናቴ፣ ብር ነው።"

"ብርማ ኪስም ውስጥ አይቆይ፣ እንኳን ጣት ላይ!"

"ማዕድኑን ማለቴ ነው፤ ውሁዱ ቆዳ ሲነካ ያጠቁራል። ላብራቶሪ ውስጥ ከብር የተሠራ የደም ካንሰር መድኃኒት እንሞክራለን። ያለፈው የታመሙትን ሴሎች ገደለ፤ ጤነኞቹንም አብሮ ጨረሰ። የዛሬውን ገና ሄጄ ማየቴ ነው።"

"ማን ታሞብሽ ነው?"

"አሁንስ ማንም የለም።"

ሱልጣና ዞር ብላ አየቻት። ግዑዝ ብረት ወዳጅና ጠላት እንዲለይ የምታስተምር ልጅ፣ ሹራቧን ገልብጣ ለብሳ አጠገቧ ተቀምጣለች!

"ጤነኛውን ይማርልሽ፣ ልጄ።"

"አሜን" አለች ልጅቷ። በሩ ሲከፈት ወረደች፤ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ወጣች።