የሰንጋው ቀለብ

ከእርሻ ትምህርት ቤት ወጥቼ አሰበ ተፈሪ ስመደብ ገና ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ የማላውቀው ነገር ያለም አይመስለኝም ነበር። ካኪ ሱሪዬን ተኩሼ፣ በቅሎ ላይ ጉብ ብዬ ገበሬ ለማስተማር ስወጣ ላየኝ ሰው፣ ማሽላን የፈጠርኩት እኔ እመስል ነበር።

ከከተማው ወጣ ብሎ አንድ ጠና ያሉ ገበሬ ነበሩ። በየዓመቱ አንድ በሬ ቤታቸው አስረው፣ በእጃቸው እያጎረሱ ያደልባሉ። የዚያን ዓመት ሰንጋውን ሸጠው የምትታለብ ላም ሊገዙ ቆርጠዋል፤ አምስት ልጆቻቸው ወተት የሚያዩት በጎረቤት ቤት ነበርና። እኔ ግን ይህን ከሥራ አልቆጠርኩትም። ገበሬ ከድህነት የሚወጣበት መንገድ በእኔ ደብተር ውስጥ ነዋ።

ዓይኔ ያረፈው ማሽላቸው ላይ ነው። ጥቅጥቅ አድርገው ይዘራሉ። እህልም እንደ ሰው መተንፈሻ ይፈልጋል እያልኩ፣ በክንዴ እየለካሁ፣ አራርቀው እንዲዘሩ ሰበክኳቸው። ሚስታቸው በኦሮምኛ ረዘም ያለ ነገር ተናገሩ። ከሰላምታ ያለፈ ኦሮምኛ ስላልነበረኝ ያደነቁኝ መሰለኝ። ገበሬውም የመንግሥት ሰው ማስቀየም ከብዷቸው እንዳልኩት ዘሩ።

በሐምሌ ማሽላው ተራርቆ፣ አምሮ በቀለ። ሪፖርቴን በኩራት ጻፍኩ። የሰንጋው ጎድን ግን ከሩቅ ይቆጠር ጀመር። ለካስ ያን ያህል አጥብቀው የሚዘሩት አውቀው ነው፤ ክረምቱን ሙሉ ከመሃል እየመረጡ የሚነቅሉት ለጋ ማሽላ የበሬው ቀለብ ኖሯል። አገር ሁሉ ያውቀዋል፤ ያላወቅሁት እኔ አስተማሪው ብቻ። «የተማረ ይግደለኝ» ያለ ሰው እኔን አላየም።

በሬው እንደከሳ ተሸጠ። የተገኘው ሌላ ወይፈን ከመግዛት አላለፈም፤ ላሚቱ ቀረች። እኔም አፍሬ አንድ ወር ያህል መንገድ እየቀየርኩ ሄድኩ።

በመጨረሻ ይቅርታ ልጠይቅ ቤታቸው ገባሁ። ቢሰድቡኝ ደስ ባለኝ። እሳቸው ግን ከልጆቻቸው መሃል አስቀመጡኝና፣ አገሩ ከቡና ገለባ አፍልቶ በወተት የሚጠጣውን ሆጃ ቀዱልኝ። ጥቁር ነበር። የልጆቹም ጥቁር ነበር።

«ልጄ፣ ወተት የለም» አሉኝ አንገታቸውን ደፍተው፤ «አትቀየመን።»