የግራው መስኮት

ለታናሽ ወንድሜ አዲስ አበባ ላይ ኒካህ የሚታሰርበት ቀን ሲቆረጥ፣ ከእኛ በኩል አራት ሰው በአውሮፕላን እንዲሄድ ተወሰነ፤ አባቴ፣ እናቴ፣ ዳባት የሚኖሩት የአባቴ ታላቅ እህት እና እኔ። ከአራታችን አውሮፕላን ተሳፍሮ የሚያውቅ አልነበረም። ደባርቅ ውስጥ የሞባይል መለዋወጫ ሱቅ ስላለኝ፣ በቤታችን ስልክ የሚነካው ጉዳይ ሁሉ የእኔ ድርሻ ነው። ትኬቱን የቆረጥኩትም፣ በበረራው ዋዜማ በስልኬ ወንበር የመረጥኩትም እኔ ነኝ። ጠቡም የተነሳው ከዚሁ ነው።

አውሮፕላኑ ትንሽ ነው፤ በየረድፉ በግራ ሁለት፣ በቀኝ ሁለት ወንበር አለው። ዘጠነኛውን ረድፍ እንዳለ ያዝኩት። አባቴን በግራው መስኮት፣ እናቴን ከጎኑ፣ አክስቴን በቀኙ መስኮት አደረግኩና እኔ ከአክስቴ አጠገብ መተላለፊያው ላይ ሆንኩ። ለሁለቱም ታላላቆች መስኮት ደርሷቸዋል፤ ቅር የሚለው ሰው ይኖራል ብዬ አላሰብኩም።

ያላሰብኩት ጎረቤታችንን ነው። ሰውዬው ለንግድ ቶሎ ቶሎ አዲስ አበባ ይመላለሳል። ከጎንደር ሲነሱ የሰሜን ተራሮች የሚታዩት በግራ በኩል ብቻ እንደሆነ ለአባቴ ይነግረዋል፤ አባቴ ደግሞ በደስታ ለእህቱ ደውሎ ያወራላቸዋል። ብዙም ሳይቆይ አክስቴ ደወሉልኝ። ዳባት ገበያ ላይ ዕድሜ ልካቸውን እህል የሸጡ ሴት ስለሆኑ ሲከራከሩ ድምፃቸው ከፍ አይልም፤ እንዲያውም ይቀንሳል። የት እንዳስቀመጥኳቸው ጠየቁኝ። በቀኙ መስኮት አልኳቸው። በቀኝ በኩል ምን እንደሚታይ ጠየቁኝ። ምናልባት ጣና ይታይ ይሆናል አልኩ። ሐይቅ አሳዩኝ እንዳላሉ፣ ማን ታላቅ ማን ታናሽ እንደሆነ ግን ለእኔ መንገር እንደማያስፈልጋቸው ተናግረው ስልኩን ዘጉት።

ነገሩን ለአባቴ ሳነሳለት አይሆንም አለ። አባቴ ቤት ውስጥ በምንም ነገር የሚከራከር ሰው አይደለም። የቀረበለትን ይበላል፤ እንግዳ ሲመጣ አልጋውን ለቆ መሬት ይተኛል። በዚህ ግን ጸና፤ ምክንያቱንም ነገረኝ።

እናታቸው የሞተችው ገና ልጆች ሳሉ ነው። አያቴ ጨርቅ አስጭኖ በሊማሊሞ ወደ አዲ አርቃይ ሲወርድ ሁለቱን ልጆች የሚተውበት ሰው ስላልነበረው፣ የጭነት መኪናው ጋቢና ውስጥ ይዟቸው ይሄድ ነበር። እህቱ አሥራ ሁለት ዓመቷ፣ እሱ ስድስት። እሷ ሁልጊዜ በበሩ በኩል፣ እሱ መሃል። እሷ ገደሉን፣ ዝንጀሮዎቹን፣ ታች የተዘረጋውን ቆላ ስታይ፣ እሱ የሚያየው የማርሹን ዘንግና የሾፌሩን ክንድ ነበር። ለምኗታል፣ አልቅሶባታል፤ አንድ ቀን እንኳ ቦታውን አልለቀቀችለትም።

«ስድሳ ዓመት ሆነው» አለኝ። «አሁን ተራው የኔ ነው።»

እናቴ በዚህ ሁሉ መሃል ለሙሽሮቹ የሚሄደውን በሶ በላስቲክ ታስር ነበር። እኔም ምንም አልጠየቅኳትም። እናቴ ከፍታ ትፈራለች ተብሎ በቤታችን የታወቀ ነው። መጀመሪያ ማን እንዳለው ግን አላስታውስም።

በማግስቱ ጠዋት በኮንትራት ሚኒባስ ተነሳን። አባቴ ጋቢና ተቀምጦ ነበር። ዳባት ስንደርስ አክስቴ በራቸው ላይ ቆመው ሲጠብቁን አየና ወርዶ ቦታውን ለቀቀላቸው። አክስቴ በጋቢና ሊደልላቸው የፈለገ ስለመሰላቸው አመስግነው ከኋላ ገቡ። እሱም ተመልሶ ጋቢና መግባት ስላፈረ ከኋላ ገባ። የፊቱን ወንበር በሶው ያዘው። ሾፌሩ በመስተዋት አየንና መኪናውን አስነሳ።

ከዳባት እስከ አምባ ጊዮርጊስ አክስቴ ስለ ገብስ ዋጋ ከእናቴ ጋር ብቻ ሲያወሩ ቆዩ። ኮሶዬ ስንደርስ ሾፌሩ ጎማውን ሊያይ ቆመ። እኛም ወርደን እግራችንን አፍታታን። ከመንገዱ ጠርዝ ማዶ ቆላው ወለል ብሎ ይታያል። አባቴ ያንን እያየ ቆየና ሳይዞር ተናገረ።

«እታለም፣ ያኔ በሊማሊሞ አንድ ቀን እንኳ መስኮቱን ብትለቂልኝ ምን ነበረበት?»

አክስቴ የሚለው ወዲያው አልገባቸውም። «የቱን መስኮት?»

«የጭነት መኪናውን።»

«መስኮቱን ማን አየው» አሉ። «እኔ በሩን ነበር የምይዘው።»

ከዚያ ነገሩን ቀስ ብለው ነገሩን። የበሩ መቆለፊያ ተሰብሮ ስለነበር በገመድ ከወንበሩ እግር ጋር ይታሰራል። ሲወርዱ በየመታጠፊያው ገመዱ ይላላል፤ በሩም ገደሉ ላይ ይከፈታል። አያቴ ሰነዶቹንና የገንዘብ ከረጢቱን በጭኑ ስለሚይዝ ገመዱን ለሴት ልጁ ሰጣት። እሷም በነጠላዋ ሥር በሁለት እጇ ጠምጥማ፣ ዓይኗን ጨፍና ነበር የምትወርደው። ዝንጀሮ ይሁን ቆላ ምንም አላየችም።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አለ አባቴ።

«ስድስት ዓመትህ ነበር። ብነግርህ ትፈራለህ፤ ብትፈራ ታለቅሳለህ፤ ብታለቅስ አባባ ሁለተኛ አይወስደንም።»

አባቴ ዞረ። እጃቸውን ይዞ ወደ መኪናው ወሰዳቸው። ጎንደር እስክንገባ ፊቱን ደጋግሜ አየሁት። የተከፋ አይመስልም፤ ብዙ ነገር እንደ አዲስ የሚያስታውስ ሰው ይመስል ነበር።

አዘዞ አውሮፕላን ጣቢያ የመጠበቂያው አዳራሽ ውስጥ ከተቀመጥን በኋላ ወደ እኔ መጥቶ የግራውን መስኮት ለእሷ ስጫት አለኝ። አክስቴ ሰምተው እምቢ አሉ። አሁን ደግሞ መስኮቱን እርስ በርስ በመሰጣጠት ይጣሉ ጀመር። እሱ «አንቺ ልጅነትሽን ሙሉ ዓይንሽን ጨፍነሽ ነው የወረድሽ» ይላል፤ እሳቸው «አንተ ደግሞ ስድሳ ዓመት ቂም ይዘህ ነው የኖርክ» ይላሉ። ዙሪያችን የተቀመጡት ሰዎች እየሰሙን ስለነበር እኔ ላቤ መጣ። በመጨረሻ የረታው አባቴ ነው፤ ቢሆንም እህቱ ጎናቸው ካልተቀመጠ እንደማይስማሙ ስለተናገሩ የእናቴን ቦታ እሱ ወሰደ።

ያን ጊዜ እናቴ ዝቅ ባለ ድምፅ «እንግዲያው እኔ በቀኙ መስኮት ልቀመጥ» አለች።

ከፍታ ትፈሪ የለም ወይ አልኳት።

«ማን ጠይቆኝ ያውቃል» አለች። ቅሬታ አልነበረባትም፤ እንደ ተራ ነገር ነው የተናገረችው። እኔን ግን ነካኝ። የሁሉንም ፍላጎት አዳመጥኩ ብዬ ስኩራራ፣ አጠገቤ ያለችውን ሴት ወንበር በግምት ነበር የሞላሁት።

አውሮፕላኑ ተንደርድሮ ሲነሳ ከመተላለፊያው ማዶ አየኋቸው። አክስቴ በድንገት የአባቴን እጅ አንጓው ላይ ጨበጡ። እሱም ሌላውን እጁን ከላይ ደረበበት። ደስ አለኝ፤ ፍቅር ነው ብዬ ነው። አውሮፕላኑ ሲዞር አባቴ በእህቱ ትከሻ ላይ አንገቱን አስግጎ «ያውና፣ ያውና ተራራው» ይላል። አክስቴ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ ዓይናቸው ግን ከክንፉ ሥር አልተነሳም። በእኔ በኩል እናቴ ግንባሯን መስኮቱ ላይ አስደግፋ፣ ጣና ሲመጣ «ውይ» ብላ፣ ከዚያ በኋላ የቀረበላትን ብስኩት እንኳ መብላት ረስታ ሄደች።

አዲስ አበባ ልንወርድ ስንል ከክንፉ ሥር አንድ ነገር ሲንኳኳ ተሰማ። አክስቴ «አልሐምዱሊላህ» አሉ፣ ከፊት ያሉት ሰዎች እስኪዞሩ ድረስ። የአባቴን እጅም ለቀቁ።

ምን ሆንሽ አላቸው።

«ጎማው» አሉ። «መጣ።»

ለካ ስንነሳ በመስኮታቸው በኩል ያለው ጎማ ታጥፎ ሲሰወር አይተዋል። አዘዞ ላይ ወድቆ የቀረ ነው የመሰላቸው። አንድ ሰዓት ሙሉ ሲፈልጉትና ዱዓ ሲያደርጉ ነው የመጡት።

«ዛሬም ደበቅሽኝ?» አለ አባቴ።

«ብነግርህ ምን ታደርግለት ነበር?»

አባቴ መጀመሪያ ሊቆጣ አፉን ከፈተ፤ ከዚያ ሳቁ አሸነፈው። ቀበቶውን መፍታት አቅቶት አስተናጋጇ መጥታ ፈታችለት። እጁ አንጓ ላይ የአክስቴ ጥፍር አራት ቦታ ተቀርጿል። በሠርጉ ሰሞን እጅጌውን እየሰበሰበ ለሙሽራዋ ቤተሰብ ሁሉ ሲያሳይ፣ አክስቴ አጠገቡ ተቀምጠው ተራራው እንዴት ያምር እንደነበር ያወራሉ።

ከሳምንት በኋላ ስንመለስ ወንበር ከመምረጤ በፊት ሦስቱንም አንድ በአንድ ጠየቅኳቸው። እናቴ ያለ ምንም ማመንታት መስኮት አለች። አክስቴ ከጎማው የራቀ ቦታ ከሆነ የትም ይሁን አሉ። አባቴ እሷ ካለችበት አጠገብ አለ። ሁለቱን መተላለፊያው ላይ ግራና ቀኝ አደረግኳቸው፤ የግራው መስኮት ለእኔ ቀረልኝ። እነሱ መንገዱን ሙሉ በመተላለፊያው ላይ ስለ ሠርጉ ምግብ ሲያወሩ፣ አስተናጋጇ ጋሪዋን ለማሳለፍ ሁለት ጊዜ ይቅርታ ጠየቀቻቸው። እኔ ታች የታጨደውን ማሳና የቆርቆሮ ጣሪያዎቹን እያየሁ ጎንደር ደረስኩ።