የናስር አስታማሚ

ያ ኮረብታ የራሱ ስም ይኖረው ይሆናል፤ እኛ «ራሰ በራው» ነበር የምንለው። ትዕዛዙ ማምሻውን ደረሰን፤ ጎህ ሲቀድ ወጣነው፤ ረፋዱ ላይ ያዝነው። ከቀትር በኋላ መልሶ ማጥቃት መጣ። ሞርታር ዘነበብን። የአጋሮው ልጅ ናስር በቀኜ ነበር። «ሽሜ፣ ዝቅ በል» አለኝ። ዝቅ አልኩ። ምሽጉ ተናደብኝ።

ጓዶች ቆፍረው ሲያወጡኝ ናስር እግሩን ተመትቶ በቃሬዛ ወርዷል። እሱ ወደ አንድ ሆስፒታል፣ እኔ ወደ ሌላ ተላክን። በዚያው ተጠፋፋን።

ጦርነቱ ሲያበቃ ተሰናብቼ ጅማ፣ ቦሳ ኪቶ ወላጆቼ ቤት ገባሁ። አንድ ቀን ከአጋሮ የመጣ ቡና ነጋዴ ናስር ቁስሉ አገርሽቶበት እዚሁ ከተማ ሆስፒታል እንደተኛ ነገረኝ። እየሮጥኩ ሄድኩ። በቀዶ ሕክምና ክፍል ጥግ ላይ አገኘሁት። አየኝና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ሰው አያናግር፣ ቁስሉን አያስነካ። አላህ ያውቃል» አሉኝ እናቱ። ዝለው ነበር። ወደ አጋሮ ሸኘኋቸውና አስታማሚ ሆኜ በቦታቸው ተቀመጥኩ። የክፍሉ አስታማሚዎች ሁሉ «ጦርነቱን እንዳታነሳበት» አሉኝ። በእኛ ዘንድ በሽተኛ ፊት ክፉ አይወራም። እኔም ስለ ዝናቡ፣ ስለ ቡና ለቀማው ስቀባጥር እውላለሁ። ሳጎርሰው ዓይኑን ጨፍኖ ይጎርሳል። ከእኔ እጅ መብላቱ ያኮራኝ ነበር።

ሐኪሙ ቁስሉ ካልተጠረገ እግሩ እንደሚቆረጥ ነገረን። ቀጥሎም ከአእምሮ ሕክምና ክፍል ሲስተር ፋንታዬ የምትባል ነርስ አስጠራ። ከፋኝ።

«ናስር እብድ አይደለም» አልኳት።

«ማን እብድ ነው አለ? እግሩ የቆሰለ ሰውስ አይጨነቅም?» አለችና ወንበር ስባ ተቀመጠች። «አካም ቡልቴ፣ ናስር?» አለችው፣ እንዴት አደርክ ለማለት በኦሮምኛ። ዓይኑን ከግድግዳው አላነሳም። እሷም ወንበሯን ሳትለቅ አብራው ቆየች። «ነገም እመጣለሁ» ብላ ሄደች፤ መጣችም። እንዲህ ስትመላለስ ሰንብታ አንድ ጠዋት ናስር «ውሃ ስጪኝ» አላት።

ቀናሁ። እንደ ባል ቀናሁ። ከአንድ ኮዳ የጠጣነው እኔና እሱ፣ አንድ ብርድ ልብስ የተጋራነው እኔና እሱ። እሷ የሞርታር ድምፅ እንኳን ሰምታ አታውቅም። ግን ነጭ ጋዋኗ በር ላይ ብቅ ሲል አንገቱን ያቀናል፤ እኔ ስገባ ግድግዳውን ያያል።

«ምን አስነክተሽው ነው?» አልኳት ኮሪደር ላይ ጠብቄ።

ሳቀች። «ስለደረሰበት ነገር ልጠይቀው ነው። አንተ ጠይቀኸው ታውቃለህ?»

በማግስቱ እኔው ፊት ጠየቀችው። «ናስር፣ ኮረብታው ላይ እነማን ቀሩ?»

«ሲስተር፣ ተይው» ብዬ ተነሳሁ። በእጇ እንድቀመጥ ምልክት ሰጠችኝ።

ናስር ግድግዳውን እያየ ቆጠረ። «መቶ አለቃችን። ደረጀ መትረየስ ተኳሹ። ገመቹ። ሽመልስ።»

ሽመልስ እኔ ነኝ።

«ሽመልስ እንዴት ሆነ?» አለች፣ ድምጿ ሳይለወጥ።

«ምሽጉ ቀበረው። ዝቅ በል ያልኩት እኔ ነኝ። ይኸው አሁን እየመጣ ያጎርሰኛል። ቢስሚላሂ ብዬ ዓይኔን እጨፍናለሁ።»

ተሳስተሃል አላለችውም። «ምሽጉ ሲናድ አይተሃል፤ እውነትህን ነው። ከዚያ በኋላ የሆነውን ግን አላየህም፤ አንተ በቃሬዛ ወርደሃል» አለችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ሽመልስ፣ አንተ ንገረው።»

ነገርኩት። አፌ አፈር እንደሞላ፣ ጓዶች እግሬን ይዘው እንደጎተቱኝ፣ ስሙን እየጠራሁ እንደፈለግሁት። ስለዚያ ቀን ሳወራ የመጀመሪያዬ ነበር። ናስር ቀስ ብሎ ዞረ። እጁን ዘርግቶ አንገቴን ዳሰሰ።

«ትሞቃለህ» አለኝ። ከዚያ አለቀሰ፤ እኔም አለቀስኩ። ከሰዓት በኋላ ቁስሉን አስጠረገ። እግሩ ተረፈ፤ ዛሬ ቢያነክስም በራሱ ይሄዳል።

ከእኛ የመቶ ቡድን ራሰ በራው ላይ የቀሩት መቶ አለቃችን፣ ደረጀና ገመቹ ናቸው። ከሌሎቹ ቡድኖች የወደቁትን በስም አላውቃቸውም፤ ብዙ ነበሩ። ናስር ዛሬም ሲስተር ፋንታዬን ሲያመሰግን ትንሽ ይቆረቁረኛል፤ አልዋሽም። ግን በእሷ ስቀና በከረምኩበት ጊዜ እሱ በእኔ ሞት ሲያዝን ነው የከረመው። ሳስታምም የዋልኩ መስሎኝ ነበር፤ ለካ የራሴ ለቅሶ ላይ ተቀምጬ ኖሯል።